ከሶፋ ተነሥቶ 30 ደቂቃ ለመሮጥ፦ «ካውች ቱ ፋይቭ ኬ» ሲፈተሽ

ዋጋው፦ ነፃ። የሚጠይቀው፦ ደህና ጫማ፣ ሰዓት የሚቆጥር ነገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። የሚፈጀው፦ በወረቀት ላይ ዘጠኝ ሳምንት፤ በተግባር አሥርም አሥራ ሁለትም ቢሆን ምንም አይደለም።

«ካውች ቱ ፋይቭ ኬ» («ከሶፋ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር» ማለት ነው) ሮጦ የማያውቅን ሰው ሳያቋርጥ 30 ደቂቃ ወደ መሮጥ የሚያደርስ መርሐ ግብር ነው። በጠቅላላው 27 ሩጫ አለው። ያወጣው ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜው 1996 እ.ኤ.አ.፣ ሐሳቡም በሃምሳዎቹ ዕድሜ የነበሩትን እናቱን ከሶፋ ማስነሣት ነበር። (በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ አጥልቀዋል፤ ለሩጫ ጥሩ ዓመት ነበር።) ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ኤን ኤች ኤስ፣ በነፃ በሚሰጠው አፕ ነው። አፑ ባይኖራችሁም ዕቅዱ ምስጢር አይደለም፤ በወረቀት ጽፎ መከተል ይቻላል።

ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነፃ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ዝላዩ ይበዛል፣ ስሙም ከሚያደርሰው በላይ ቃል ይገባል። ሁለቱም ይታረማሉ።

ሰውን ማስሮጥ ቀላል ነው። የዚህ መርሐ ግብር ዋና ሙያ ሰውን መያዝ ነው። «ከነገ ጀምሬ እሮጣለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ እስኪከዳው ይሮጣል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ በሳምንቱ ቅልጥሙን ያመዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የሰውነት አሠራር ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ትንፋሽ መሻሻሉ በግልጽ ይታወቃል። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኞች ናቸው፤ ለአዲስ ጫና የሚጠነክሩት በወራት ነው። እናም በአራተኛው ሳምንት ግድም ትንፋሹ «ጨምር» ሲል እግሩ ገና መንገድ ላይ ነው። የጀማሪ ጉዳት በብዛት የሚመጣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መርሐ ግብሩን ስትመዝኑ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ያስሮጠኛል?» ብቻ አይደለም፤ «መቼ ያስቆመኛል?» የሚለውም ነው።

ዕቅዱ በደቂቃ

እያንዳንዱ ቀን በአምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ ወክ ይጀምርና በአምስት ደቂቃ ዝግ ያለ ወክ ያልቃል። የመሃሉ እንዲህ ነው። አንደኛ ሳምንት፦ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ ወክ፤ ስምንት ጊዜ። ሁለተኛ ሳምንት፦ 90 ሰከንድ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ ወክ፤ ስድስት ጊዜ። ሦስተኛ ሳምንት፦ 90 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ ወክ፣ ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሦስት ደቂቃ ወክ፤ ይኸው ሁለት ጊዜ። አራተኛ ሳምንት፦ 3፣ 5፣ 3፣ 5 ደቂቃ ሶምሶማ፤ በየመሃሉ በቅደም ተከተል አንድ ተኩል፣ ሁለት ተኩል፣ አንድ ተኩል ደቂቃ ወክ። በአምስተኛው ሳምንት ሦስቱ ቀናት ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አምስት ደቂቃ፣ በየመሃሉ ሦስት ደቂቃ ወክ፤ ሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ስምንት ደቂቃ፣ በመሃሉ አምስት ደቂቃ ወክ፤ ሦስተኛው ቀን 20 ደቂቃ፣ ወክ የለም። ስድስተኛ ሳምንት፦ መጀመሪያ 5፣ 8፣ 5፤ ቀጥሎ 10፣ 10፤ ቀጥሎ 25 ደቂቃ በአንድ ጊዜ። ከዚያ በሰባተኛው ሳምንት ሦስቱም ቀን 25፣ በስምንተኛው 28፣ በዘጠነኛው 30።

በአንደኛው ሳምንት ከ20 ደቂቃው ውስጥ ሩጫው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ስድብ ይመስለዋል፤ በተለይ በትምህርት ቤት ዘመኑ ኳስ ይጫወት ለነበረ። «ቀለለኝ» ብሎ ወደ ሦስተኛው ሳምንት የሚዘለው እሱ ነው፤ ባቱን ይዞ የሚቀመጠውም እሱ ነው።

ቀርፋፋነት የሚጠይቀው ብልሃት

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ትልቁ ስሕተት ፍጥነት ነው። 60 ሰከንድ አጭር ስለሆነ ሰው ያቺን ደቂቃ እንደ ውድድር ይሮጣታል፤ አምስተኛው ዙር ላይ ትንፋሹ ያልቃል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል። ትክክለኛው ፍጥነት ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው፦ አጠገባችሁ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ሊደርስባችሁ ምንም ያልቀረው ሲመስል፣ ልክ ናችሁ። መለኪያው ንግግር ነው። እየሮጣችሁ «አባታችን ሆይ»ን ወይም ፋቲሓን በድምፅ ሳትቆራርጡ መድገም ከቻላችሁ፣ ፍጥነቱ ይበቃል። በየሁለት ቃሉ አየር ከፈለጋችሁ ቀንሱ። ርምጃችሁን አሳጥሩ፤ እግር ከሰውነት ፊት ርቆ ተረከዙን ሲያሳርፍ ጉልበትና ቅልጥም ዋጋውን ይከፍላሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ አንድ ልዩ ፈተና አለ። ሰፈር ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ ሕፃናት «ኃይሌ! ኃይሌ!» ይላሉ፤ ሴት ከሆነች «ደራርቱ!»። ያን ሰምቶ የማይፈጥን ሰው ብርቅ ነው። መስቀል አደባባይም እንዲሁ ነው፤ በዚያ እርከን ላይ ሰዎች በቡድን ሲያልፏችሁ እግር ሳይታዘዝ ይከተላል። እዚያ የሚሮጡት ገሚሶቹ ለዓመታት የሠሩ ናቸው፤ አሰላለፋቸውን እንጂ ፍጥነታቸውን አትዋሱ። በነገራችን ላይ ዋናዎቹ አትሌቶቻችን ራሳቸው በቀላል ቀናቸው እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ፣ እርስ በርስ ተከታትለው የሚሮጡት ሩጫ ላያቸው ሰው ዝግ ያለ ነው። ለፈጣኑ ቀን ጉልበት የሚቆጥቡት በዚያ ነው።

የዕረፍት ቀን

በሁለት ሩጫ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ ወይም ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ እሑድ ይመቻል። ይህ ደንብ በብዛት የሚጣሰው ጥሩ ስሜት ሲሰማ ነው። «ዛሬም ጉልበት አለኝ» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተጫነው አጥንትና ጅማት ግን የሚጠገነው በዚያ ባዶ ቀን ነው፣ ስሜት ደግሞ ያንን አይነግራችሁም።

እጃችሁ ሥራ ከፈለገ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት ነገር ሥሩ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንደኛ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ማውረዱ ሦስት ሰከንድ ይፍጅ፤ ባትና የተረከዝ ጅማት የሚጠነክሩት በማውረዱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ወንበር ላይ ሊቀመጡ እንደሆነ ዝቅ ብሎ መነሣት፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ይህ በአፑ ዕቅድ ውስጥ የለም፤ መኖር ነበረበት ባይ ነን።

እውነተኛው ዝላይ አራተኛው ሳምንት ነው

መርሐ ግብሩን የሞከሩ ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ አምስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ቀን ነው፤ ከስምንት ደቂቃ በቀጥታ ወደ 20። ነገር ግን ደቂቃዎቹን ደምሯቸው። ሦስተኛው ሳምንት በቀን ዘጠኝ ደቂቃ ሩጫ ነው። አራተኛው 16። በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው ማለት ነው፣ የወኩም ጊዜ አጥሯል። አምስተኛው ሳምንት 15፣ 16፣ 20 ነው፤ ጭማሪው በአስፈሪነቱ ልክ አይደለም። ሰው የሚፈራው አምስተኛውን ነው፣ እግር የሚጎዳው ግን አራተኛው ላይ ነው፤ ያውም ትንፋሽ ደህና በሆነበት ጊዜ፣ ሰው ተዘናግቶ።

መፍትሔው አንድ ሳምንት መጨመር ነው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ይህን አስገቡ፦ አራት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፤ በየመሃሉ አንድ ተኩል፣ ሁለት ተኩል፣ አንድ ተኩል ደቂቃ ወክ። ጠቅላላው 12 ደቂቃ ይሆናል፤ ከ9 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 16። ዕድሜው ከ45 በላይ ለሆነ፣ ክብደቱ ከፍ ላለ፣ ወይም በሕይወቱ ሮጦ ለማያውቅ ሰው ይህ ድልድይ የግድ ነው ብንል አላጋነንም። ወጣትና ቀጭን የሆነ ቢዘለው ይችላል።

20 ደቂቃዋን በተመለከተ፦ የምታበላሻት በስምንት ደቂቃው ፍጥነት የጀመራችሁ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሆን ብላችሁ አሰልቺ አድርጓቸው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ደቂቃ ላይ መጥፎ ስሜት ይመጣል፤ ትንፋሽ ከሥራው ጋር እስኪስተካከል ነው፣ አሥረኛው ላይ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ እየሮጣችሁ ቀንሱ እንጂ አትቁሙ። ከነጭራሹ ካቃተ አንድ ደቂቃ ወክ አድርጋችሁ ጨርሱት፤ ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ ያንኑ ቀን ድገሙት። ሁለቴ ተደግሞ እምቢ ካለ ወደ አምስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ተመለሱ። ሦስተኛ ጊዜ ግን በእልህ አትግጠሙት። እልህ ትንፋሽን ያልፋል፣ ቅልጥምን አያልፍም።

ያመለጠ ቀንን አስመልክቶ አፑ ብዙ አይናገርም። ልምድ ያላቸው የሚከተሉት ስሌት ይኸው ነው፦ እስከ አንድ ሳምንት ከተቋረጠ የመጨረሻውን ሩጫ መድገም፤ ሁለት ሳምንት ከሆነ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት ቀን ተከታትሎ መሮጥ የለም። ጉንፋኑ አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ዝግ ያለ ወክ ይቻላል፤ ትኩሳት ወይም የደረት ሳል ካለ እስኪለቅ ድረስ ጫማ አይደረግም።

አፑ ራሱ

ሥራው ቀላልና ንጹሕ ነው። «አሁን ሩጡ»፣ «አሁን ተራመዱ» ይላል፤ ሙዚቃችሁን ሳያጠፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ስለሚያሳውቅ ዞራችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። የአሠልጣኙን ድምፅ መምረጥ ይቻላል፤ ከመካከላቸው የ200 እና የ400 ሜትር ባለወርቁ ማይክል ጆንሰንና የሄፕታትሎን (የሰባት ስፖርቶች ጥምር ውድድር) ሻምፒዮኗ ዴኒዝ ሉዊስ አሉ። ጉድለቱ ለእኛ ግልጽ ነው፦ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ስትሰጡት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መላ አለው። በስልክ ድምፅ መቅጃ አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ፣ ሰዓት እያያችሁ፣ «ሩጪ»፣ «ተራመጂ»፣ «ግማሽ ደርሰሻል፣ ተመለሺ» እያላችሁ ቅዱላቸው። ለእናት ከሆነ «ይሩጡ እማዬ» ማለቱ የተሻለ ይሠራል። ለየሳምንቱ አንድ ፋይል፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይላክላቸዋል። ስልክ ይዞ መሮጥ የሚያሰጋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ርካሽ የእጅ ሰዓት ይበቃል፤ አንደኛው ሳምንት በየአምስት ደቂቃው ሁለት ዙር ስለሆነ ለመቁጠር ቀላል ነው፦ ዜሮ ላይ ሩጫ፣ አንድ ላይ ወክ፣ ሁለት ተኩል ላይ ሩጫ፣ ሦስት ተኩል ላይ ወክ፣ አምስት ላይ እንደገና።

ቦታ፣ አየር፣ ጾም

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ስድስተኛው ሳምንት የደረሰ ሰው ለጥምቀት አገር ቤት ሲመጣ በዚያው ፍጥነት ልሩጥ ቢል አራት ደቂቃ ላይ ይቆማል፤ አየሩ ስስ ነው እንጂ አቅሙ አልጠፋም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ፍጥነትንም ቀንሶ መሮጥ ነው። እንጦጦን ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ አቆዩት፤ ከፍታውም ዳገቱም ለጀማሪ አይደለም።

መሬቱ ለስላሳና ደልዳላ ሲሆን ይመረጣል፤ ጃንሜዳ ዓይነቱ ሜዳ በበጋ ጥሩ ነው። ኮረኮንች ቁርጭምጭሚት ያዞራል። አስፋልት በራሱ ጠላት አይደለም፤ ጠላቱ የመንገዱ ጠርዝ ወደ ፍሳሽ ማዘንበሉ ነው፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ስትሮጡ አንዱ እግር ዝቅ ብሎ ይሠራል። ስትመለሱ ጎን ቀይሩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መውጣት ከናፍጣ ጭስ ያድናል፤ የጎዳና ውሾች ግን የሚበዙት በዚያው ሰዓት ነው። ውሻ ሲነሣ ሩጫውን አቁሞ ፊቱን ሳያዞሩ መራመድ ነው፤ ደቂቃው ይበላሽ።

በገልፍ አገሮች ያላችሁ ከግንቦት እስከ መስከረም ውጭ መሮጥን ተዉት ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ጨርሱ። ትሬድሚል ላይ ከሆነ ወኩን በሰዓት ከ5 እስከ 5.5 ኪሎ ሜትር፣ ሶምሶማውን ከ7 እስከ 8 አድርጉት፤ እጀታውን መያዝ ካስፈለጋችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። በአውሮፓ ክረምት መንገዱ በረዶ ሲያወጣ ቀኑን ማዘግየት እንጂ በትንንሽ ርምጃ እየተንሸራተቱ መሮጥ ትርፍ የለውም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው። ከመርሐ ግብሩ ጋር አብሮ የሚጀምር ሰው ጥቂት አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በንጋት መሮጥ ይችላል፤ አጭር ነውና። ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ ግን ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ይሻላል። ሽሮውና በርበሬው ሳይወርድ የሚሮጥ ሰው ቃሩንና የጎን ውጋቱን ያውቀዋል። በረመዳን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ከመግፋት የደረሱበትን ሳምንት መደጋገም ጥሩ ነው፤ ወይ ከኢፍጣር በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ዝግ ብሎ፣ ወይ ማታ ውሃ በደንብ ከተጠጣ በኋላ። ለስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ሲራመድ ደረቱን የሚይዘው ሰው ጾም ኖረም አልኖረ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ጫማና ሕመም

በ27ቱ ቀናት ወኩን ጨምሮ የምትሸፍኑት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የመሮጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሠራል። ስለዚህ ውድ ጫማ አያስፈልግም፤ ያላለቀ ጫማ ግን ያስፈልጋል። ሳልባጅ ስትገዙ ላዩን ሳይሆን ሶሉን ተመልከቱ፦ ከጎን ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጫኑት፤ ገብቶ መመለስ አለበት፣ እንደ እንጨት ከደረቀ ዕድሜው አልቋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ከጫማው ጋር መጥቷል። ሙጫው የደረቀ ከሆነ በሦስተኛው ቀን አፉን ይከፍታል። በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ይኑር፤ መለካት ደግሞ ማታ ነው፣ እግር በቀን ሥራ ያብጣል።

ሕመምን በተመለከተ አንዱን በደንብ ማወቅ ያዋጣል፤ እሱም የቅልጥም ሕመም ነው። በቅልጥሙ የውስጥ ጎን፣ መዳፍ በሚያህል ርዝመት የተዘረጋ፣ ሲጀመር የሚያም፣ ሲሞቅ የሚለቅ፣ ሲያርፉ የሚመለስ ከሆነ ጫናው ቀድሞ መጥቷል ማለት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ማረፍ፣ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ መመለስ፣ ለስላሳ መሬት መፈለግ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ሕመሙ በአንድ ጣት ጫፍ የሚጠቆም አንዲት ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ፣ ወይም በአንድ እግር ሲዘሉ ከጮኸ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ወዲያው ቆሞ ሐኪም ይየው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት እዚህ ላይ ይጎዳል። ሌሎቹ ባጭሩ፦ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ ርምጃ ላይ ተረከዝ ሥር የሚወጋ ከሆነ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ መሄድን ይተዉ፤ ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት ፊት ለፊት የሚያም ከሆነ ቁልቁለት ይቅር፣ ርምጃ ይጠር። የጡንቻ መዛል በሁለቱም እግር እኩል ይመጣል፣ በሁለት ቀን ይለቃል፣ አያስፈራም። አረማመዳችሁን የሚቀይር ሕመም ግን በዚያው ቀን ሩጫውን ያስቆማል።

ከ30 ደቂቃ በኋላ

ስሙ አምስት ኪሎ ሜትር ይላል፤ ዕቅዱ ግን በሰዓት ነው የሚለካው። በ30 ደቂቃ አምስት ኪሎ ሜትር ለመድረስ አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ መሮጥ ይጠይቃል፤ ይህ ለጀማሪ ፈጣን ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ ተኩል የሚሮጥ ሰው በዘጠነኛው ሳምንት የሚሸፍነው አራት ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ሰው በመጨረሻው ቀን ስልኩን አይቶ ያዝናል፤ በማግስቱም ፍጥነት ለመጨመር ይነሣል። ሁለቱም አያስፈልግም። ፍጥነቱን ባለበት ትታችሁ ሁለቱን ቀናት 30 ደቂቃ ላይ አቆዩ፤ ሦስተኛውን ቀን በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ፦ 32፣ 34፣ 36፣ 38። በሰባት ደቂቃ ተኩል ስሌት 38ኛው ደቂቃ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር አልፏል። ፍጥነት ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው፤ ያውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደውን የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ላሰበ ሰው ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ዘጠኝ ሳምንት ለመርሐ ግብሩ፣ አራት ሳምንት እስከ 38 ደቂቃ፣ ከዚያ ረጅሙን ቀን በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመሩ እስከ 75 ደቂቃ ለመድረስ ስምንት ሳምንት። በጠቅላላው 21 ሳምንት፤ ስለዚህ መነሻው ሰኔ አጋማሽ ነው፣ የድልድዩን ሳምንት ከጨመራችሁ ደግሞ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ። ክረምቱ መሃል ይገባል። የቀይ አፈር ጭቃ ላይ ከመንሸራተት ወደ አስፋልት መውጣት፣ ካልሲ ትርፍ መያዝ፣ የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ከእሳት ርቆ ማድረቅ፤ ምድጃ አጠገብ የደረቀ ጫማ ሙጫው ይለቃል። ዝናቡ ቀን ከበላባችሁ ሩጫው ወደ ማግስቱ ይዞራል፤ የሚቀጥለውም አብሮት በአንድ ቀን ይገፋል።